ቦሎቄ የተሰጣበት የአውሮፕላን ሜዳ

ግትር ነኝ። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ እናቴም፣ አለቆቼም፣ ሁለት ዓመት አጭቶኝ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ የሄደው ሰውዬም በየተራ የመሰከሩብኝ ነው። ዛሬ የማጫውታችሁ ይኸው ግትርነቴ ሰው ሊያስገድለኝ አንድ ሐሙስ ስለቀረው ጠዋት ነው።

ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት አዳማ ነው። በእርሻ ትምህርት ተመርቄ፣ ከወለንጪቲ ወርዶ አዋሽን ተሻግሮ ባለ ገጠር የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ አምስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ሥራው ሲያወሩት ደስ ይላል፤ አብዛኛው ግን ቅጽ መሙላት ነው። ተምች ገባ ሲባል ቅጽ እንሞላለን፣ ዋግ መታ ሲባል ቅጽ እንሞላለን፤ መድኃኒቱ ሲደርስ ተምቹ በልቶ ጠግቦ ሄዷል። ሰልችቶኝ ነበር። ዱከም አንድ ፋብሪካ ውስጥ የቢሮ ሥራ አግኝቼ በወሩ መጨረሻ እጀምራለሁ ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ከገበሬው ጋር አልነበረም።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ የበረሃ አንበጣ መጣ። መንጋው ሸለቆውን ይዞ ወደ እኛ ሲወጣ በየቀኑ ስልክ ይደወልልን ነበር፤ ትናንት እዚህ አደረ፣ ዛሬ እዚያ አረፈ እያሉ። ሰኞ ማለዳ ከጨፌ ዲማ ቀበሌ ተደወለ። ከመንደሩ በስተምሥራቅ ባለው የግራር ጫካ ላይ ሰፍሯል አሉን፤ ቅርንጫፍ እስኪሰበር ድረስ ተጭኖበታል።

ቅዳሜ ያለ ጊዜው ዝናብ ጥሎ ነበር፤ ሰኞም ሰማዩ እንደ ዳመነ ነው። አንበጣ ፀሐይ ካልሞቀው አይነሳም፤ ብርድ ሲይዘው ያረፈበት ላይ ተጣብቆ ይውላል። ማክሰኞ ግን ሰማዩ እንደሚጠራ የአየር ትንበያው ተናግሯል። ፀሐይ ከወጣች መንጋው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ግድም ይነሳል፤ ሲነሳ የሚያገኘው ከጫካው ሥር የተንጣለለውን ጤፍ ነው። የጨፌ ዲማ ሰው ጤፉን ለማጨድ አሥር ቀን ያህል ብቻ ቀርቶት ነበር።

አውሮፕላን ተለመነ። ኃላፊዬ አቶ ግርማ ስልኩን ዘግተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"የርጭት አውሮፕላኑ ያለበት ሜዳ ሩቅ ነው" አሉኝ። "መጥቶ ረጭቶ፣ ተመልሶ ነዳጅና መድኃኒት ሞልቶ እስኪመጣ ረፋዱ ያልፋል። ከሦስት ሰዓት በፊት አንድ ዙር ብቻ ነው የሚደርሰው።"

"አንድ ዙር ለዚያ ጫካ ምን ይሆነዋል? ቢያንስ አራት ያስፈልጋል እኮ።"

"እና ምን ላድርግ?"

"እዚያው መንደሩ አጠገብ ቢያርፍስ? ነዳጁንና መድኃኒቱን በመኪና እናድርስለት።"

"የት ያርፋል? መዳፍሽ ላይ?"

"ጨፌ ዲማ ውስጥ አይሮፕላን ሜዳ የሚባል ቦታ አለ አይደል?"

"ስሙ ነው እንጂ ከብት መጋጫ ነው።"

"ከብት ከጋጠበት አልታረሰም ማለት ነው" አልኳቸው። መኪናና ሹፌር አስፈርሜ ወጣሁ።

ሹፌሩ ሙሉጌታ ይባላል፤ ነገር በቶሎ የማይዋጥለት፣ ሥራው ላይ ግን ወደ ኋላ የማይል ሰው ነው። ሜዳው ላይ ደረስን። ኩይሳው አለ፣ ከርከሮ የቆፈረው ጉድጓድ አለ፣ ቁጥቋጦው አለ፣ መሀሉን የገበያ መንገድ አቋርጦታል። ከዚያ ሁሉ መካከል አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ወደ እኛ መጡ።

አባባ ቱፋ ናቸው። ሰማንያን ተሻግረዋል። አዋሽ ላይ ድልድይ ሳይሠራ በፊት ወንዙ ሲሞላ ወደዚያ አገር መኪና አይገባም ነበር፤ የሚገባው አውሮፕላን ብቻ ነበር። እሳቸው ያኔ ወጣት ሆነው የሜዳው ዘበኛ ነበሩ።

"በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል" አሉን፣ ትናንት የሆነ ያህል። "ጨው ያመጣል፣ ቆዳ ይወስዳል፣ በሽተኛ ይወስዳል። ሰውን ከነጓዙ በሚዛን መዝነው ነው የሚያሳፍሩት። ወፍራም ነጋዴ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ አገር ይሰበሰባል፤ እንስቃለን።"

"የእርስዎ ሥራ ምን ነበር አባባ?"

"ሁለት ነው። ከብት አባርራለሁ፣ ጭስ አጨሳለሁ። ጭሱን አይቶ ነፋሱ በየት እንደሆነ ያውቃል። ከብት ካለ አይወርድም፤ እኛ እስክናነሳ ይዞራል፣ ይዞራል። አንድ ቀን እንኳ ቸኩሎ አያውቅም።"

"ይሄን ሁሉ ዘመን እንዴት ሳይታረስ ቀረ?"

"ሦስት ጊዜ ሊያርሱት መጡ። ሦስቱንም ጊዜ በሬዎቹ ፊት ተኛሁ።" ከዘራቸውን መሬቱ ላይ ወጋ አደረጉት። "ኢንተላ ኮ፣ አፈሩ አሸዋማ ነው፤ ውሃ አይቋጥርም። ከላይ ያለውን ቆሻሻ ብቻ አንሺለት።"

ልጄ ማለታቸው ነው። በዚያች ቅጽበት ሰውዬውን አመንኳቸው። በቅጽ የማይሞላ ነገር ነበር።

ለኔትወርክ ኩይሳ ላይ ወጥቼ የአውሮፕላኑን አብራሪ በስልክ አገኘሁት። ካፒቴኑ ድምፁ እርጋታ አለው።

"እህቴ፣ በወሬ አላርፍም" አለኝ። "መኪና አለሽ?"

"አለ።"

"ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር በሰማንያ ፍጥነት ንዱበት። ውስጥ ያላችሁት ሳትዘሉ ከተቀመጣችሁ እኔም አርፋለሁ። ርዝመቱ ከስምንት መቶ ሜትር እንዳያንስ።"

"ነገ ጠዋት ይደርሳል።"

"ሌላም አለ፣ በደንብ ስሚኝ። ጭስ ካላየሁ አልወርድም። ጭሱን የምታጨሱት ሜዳው ንጹሕ ሲሆን ብቻ ነው። አንድ ችግር ከገጠመ ነጭ ጨርቅ በመስቀል ቅርጽ መሬት ላይ ዘርጊልኝ፤ እሱን ካየሁ ሳልጠይቅ እመለሳለሁ። ጭስም መስቀልም ከሌለ ሃያ ደቂቃ እዞራለሁ፤ ከዚያ በላይ ነዳጄ አይፈቅድልኝም። ሜዳው ንጹሕ ነው ብሎ የሚያረጋግጥልኝ ማነው?"

"እኔ ነኝ" አልኩት።

የቀበሌውን ሊቀ መንበር ይዤ ስብሰባ ጠራሁ። "አባወራ ሁሉ ይውጣ" ብዬ አስነገርኩ፤ ይህችን ቃል ልብ በሉልኝ፣ ከእኔ አፍ ነው የወጣችው። ሁለት መቶ ያህል ወንድ መጥረቢያና ዶማ ይዞ ወጣ። ኩይሳውን ናዱት፣ ጉድጓዱን ሞሉት፣ ቁጥቋጦውን መነጠሩት። አባባ ቱፋ ርዝመቱን በእርምጃቸው ለኩት፤ እኔ በሜትር ብለካው ልዩነቱ ከአንድ ክንድ አይበልጥም። በመጨረሻ ትልልቅ የግራር ቅርንጫፍ በበሬ እያስጎተቱ አፈሩን አስተካከሉት።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሙሉጌታ መኪናውን አስነሳ። በመጀመሪያው ሩጫ ጭንቅላቴ ጣሪያውን መታው።

"ካፒቴኑ ራሰ በራ እንዳይሆን ብቻ" አለ ሙሉጌታ።

"እንደገና" አልኩ። ያነጠረንን ቦታ አስሞላሁ። ሁለተኛው ጊዜ የፊት ጎማው አንድ ቦታ ላይ ደንገጥ አለ፤ እሱንም አስሞላሁ። ሦስተኛው ላይ ሙሉጌታ አንድ እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ አሳየኝ፤ መኪናው እንደ አስፋልት ሄደ። ዳር የቆመው ሁሉ አጨበጨበ። ለካፒቴኑ ደውዬ "ና" አልኩት። ያን ለት የተኛሁት የመንደሩ ትምህርት ቤት መምህራን በሰጡኝ አልጋ ላይ ነው፤ ሁለት ነጭ አንሶላም ለመስቀሉ ተዋስኩ።

ማክሰኞ ሰማዩ እንደ ብርጭቆ ጠራ። ገና አሥራ ሁለት ተኩል ሳይሆን ሙሉጌታና እኔ በመንገዱ በኩል ባለው ጫፍ የነዳጁንና የመድኃኒቱን በርሜል አራገፍን። እዚያ ያደረግነው ነፋሱ ከመንደሩ ወደ ውጭ ስለሚነፍስ ነው። ሜዳው መሀሉ ላይ በትንሹ ከፍ ይላል፤ እኛ ካለንበት ሆኖ ወዲያኛው ጫፍ አይታይም። አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ሜዳውን ለመጨረሻ ጊዜ ልየው ብዬ አንሶላዎቹን ይዤ በእግሬ ሄድኩ።

ከፍታውን እንዳለፍኩ መሬቱ ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ። መጀመሪያ ጤዛ መሰለኝ። ጠጋ ስል ግን ሴቶች አየሁ፤ ስድስት ናቸው። መሬቱን በድንጋይ ተከፋፍለው በየድርሻቸው አጎንብሰው በእጃቸው ያሰራጫሉ።

ቦሎቄ አስጥተዋል።

እየጮህኩ ሮጥኩ። የመጀመሪያው ስጥ ላይ እግሬ ሲገባ ከዳኝ፤ በጀርባዬ ተዘረጋሁ። ተነስቼ ስረግጥ ደግሜ ወደቅሁ። ያን ጊዜ የአውሮፕላን ጎማ በዚያ ፍጥነት መጥቶ ቦሎቄ ላይ ሲወጣ ታየኝ።

"አካም ቡልቴ" አለችኝ አንዷ፣ የወደቅሁት ሰላም ልላት ይመስል። አዴ ሹሬ ትባላለች፤ ሃምሳ የሚሆናት፣ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ የሰላ ሴት ናት። ከሁሉም ትልቁ ስጥ የእሷ ነው።

"አዴ ሹሬ፣ ምን እያደረጋችሁ ነው?"

"አታይም እንዴ? ስጥ ነው። የቅዳሜው ዝናብ የወቃነውን አበሰበሰብን። ዛሬ ካልደረቀ ይበቅላል፣ ይሻግታል። እንዲህ ያለ ለስላሳ አውድማ ደግሞ አይተን አናውቅም፤ ሲነጋ ነው ቦታ የያዝነው።"

"አውሮፕላን እኮ ነው የሚያርፍበት!"

"ሰምተናል። ሲመጣ ድምፁ ይሰማል፤ እናነሳለን። ድሮስ ቢሆን ከብቱ እስኪነሳ ይዞር የለም እንዴ?"

"ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው የሚዞረው! ይህን ማንም አልነገራችሁም?"

"ማን ይነግረናል?" ቀና ብላ አየችኝ። "ስብሰባው የአባወራ ነው ተባለ። እኔ ደግሞ አባወራዬን ቀብሬያለሁ።"

ሴት ሆኜ፣ የተማርኩ ነኝ ብዬ፣ ስብሰባ ስጠራ የጠራሁት ወንዶቹን ብቻ ነው። ወንዶቹ ደግሞ ደክሟቸው ገብተው ተኝተዋል። ሴቶቹ የሚያውቁት አባባ ቱፋ ዕድሜ ልካቸውን የሚያወሩትን የድሮውን አውሮፕላን ነው፤ እሱ ቸኩሎ አያውቅም።

ያኔ ድምፁ ተሰማ።

ከምዕራብ በኩል ቢጫ ሆኖ መጣ። በላያችን ዝቅ ብሎ አለፈ፣ ክንፉን አዘነበለና መዞር ጀመረ። ሰዓቴን አየሁ፤ አንድ ሰዓት ከአሥር ነው። ከላይ ምንም እንደማይታየው ገባኝ፤ አፈሩ አመዳም፣ ቦሎቄው ነጭ። ከበላያችን ሆኖ የሚያየው ያማረ ሜዳ ነው።

"አንሱ! በቶሎ አንሱ!"

ሴቶቹ ደነገጡና ማንሳት ጀመሩ። ግን እንዴት ብለው እንደሚያነሱ! እያንዳንዷ የራሷን ብቻ፣ ከድንበሯ ሳታልፍ፣ በእፍኟ እየሰበሰበች ወደ ጆንያዋ። አንዷ ፍሬ ወደ ጎረቤቷ ስትሾልክ ተመልሳ ትለቅማታለች። በዚህ ዓይነት እስከ እኩለ ቀንም አያልቅም። ወንዶቹ ድምፁን ሰምተው እየሮጡ ደረሱ፤ አባባ ቱፋም ደረሱ። ደረቅ ሣርና እርጥብ ቅጠል ከምረው፣ ክብሪት በእጃቸው ይዘው ቆሙ።

"አባባ፣ እንዳይለኩሱ!"

"አልለኩስም። እኔ ነኝ የሜዳው ዘበኛ" አሉኝ ቆጣ ብለው። ወደ ሴቶቹም ዞሩ። "በቅርንጫፍ ጥረጉት! ሁሉንም አንድ ላይ ወደ ዳር!"

ሁሉም እጃቸውን አቆሙ።

"አንድ ላይ?" አለች አዴ ሹሬ። "የእኔ ከሌላው ሰው ጋር ተቀላቅሎ? ማን ሊለየው ነው? ፍሬው እንደሆነ አይናገር!"

ከወንዶቹ አንዱ ቅርንጫፍ ይዞ ወደ ስጧ ጠጋ ሲል ፊቱ ተገትራ ቆመች።

"ዓመቴ ነው ይሄ! እናንተ ጤፍ አላችሁ። እኔ ጤፍ የለኝም። አንበጣው ቢመጣ ከእኔ ቤት የሚበላው የለውም፤ የምበላው ይህንኑ ነው!"

እውነቷን ነበር። በዚያ ሜዳ ላይ ከቆመው ሁሉ ከአውሮፕላኑ ምንም የማታገኝ እሷ ናት፤ ሁሉን ልታጣ የምትችልም እሷ ናት። አውሮፕላኑ ለሦስተኛ ጊዜ ዞረ። ሰዓቴን አየሁ፤ ዘጠኝ ደቂቃ ሄዷል። አንሶላዎቹ በብብቴ ሥር ናቸው። ፈራሁ። ግትርነቴ "ጠብቂ፣ ይነሳል" ይለኛል፤ ግን ካፒቴኑ ራሱ እንደ እኔ ግትር ቢሆንና ጭስ ሳያይ ቢወርድስ?

አንዱን አንሶላ ዘረጋሁ።

"ያ ምንድን ነው?" አለችኝ አዴ ሹሬ።

"ተመለስ የምለው ምልክት ነው።"

"ከተመለሰስ?"

"መንጋው ሦስት ሰዓት ላይ ይነሳል።" ቀና ብዬ አየኋት። "አዴ ሹሬ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። የእኔ ነው። እናንተን ሳልጠራ ነው ስብሰባውን ያደረግሁት። አሁን ባስገድድዎ ሁለተኛ ጥፋት ነው፤ ሰውዬውን ባወርደው ደግሞ ይሞታል። ስለዚህ ልመልሰው ነው።"

ሁለተኛውን አንሶላ ፈታሁ። አዴ ሹሬ ዞር ብላ ከጎኗ ያለችውን ሴት አየቻት። ዘምዘም ትባላለች፤ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ አጎንብሳ ቦሎቄ ስትለቅም ትንፋሽ አጥሯታል። የእሷና የባሏ ጤፍ ከግራሩ ጫካ ሥር የመጀመሪያው ነው።

"ዘምዘም" አለቻት፣ "ባሌ የሞተ ጊዜ ማን ነበር ማሳዬን ያረመልኝ?"

ዘምዘም በጉልበቷ እንደ ቆመች ቀና ብላ አየቻት።

አዴ ሹሬ ሻሿን ከራሷ አውልቃ ወገቧን አሰረች። አንድ የግራር ቅርንጫፍ ከወንዱ እጅ ነጠቀች። ከዚያ የራሷን ቦሎቄ፣ ያን የዓመት ቀለቧን፣ በአንድ ጊዜ ድንጋዩን አሳልፋ ከዘምዘም ስጥ ጋር ቀላቀለችው።

"ምን ታፈጣላችሁ?" ብላ ጮኸች። "ጥረጉ እንጂ!"

እንደዚያ ያለ መጥረግ አይቼ አላውቅም። ወንዱም ሴቱም በቅርንጫፍ፣ በጋቢ፣ በጣውላ፣ በክንዱ ጭምር ጠረገ። ስድስቱ ስጥ አንድ ሆኖ ወደ ዳር ተገፋ። ሙሉጌታ መኪናውን ጥሎ መጥቶ ሸሚዙን አውልቆ ይጠርጋል። እኔ አንሶላዎቹን አነሳሁና በግንባሬ አፈር እስክነካ አጎንብሼ የቀረችውን ፍሬ ስለቅም ሌሎቹም ተከተሉኝ፤ ጎን ለጎን ተሰልፈን በጉልበታችን ሜዳውን አቋረጥነው። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። አሥራ አምስት ደቂቃ። አሥራ ሰባት። ከዳር እስከ ዳር ሮጥኩ፤ እግሬ አላንሸራተተኝም። ተመልሼ ሮጥኩ።

"አባባ፣ አሁን!"

ክብሪቱ አንዴ ጠፋ። ሁለተኛው ያዘ። ጭሱ መጀመሪያ ዝም ብሎ ቆመ፤ ከዚያ ወደ መንገዱ በኩል ተኛ። አባባ ቱፋ ከዘራቸውን በብብታቸው ይዘው ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ሌላ ሰው መሰሉኝ። አውሮፕላኑ ሩቅ ሄደ፤ የሄደብን መሰለኝ። ዞረ። ወረደ። ጎማው አፈሩን ነካ፣ አቧራ ተነሳ፣ ከፍታውን አልፎ ከዓይናችን ተሰወረ። ድምፁ እየቀነሰ ሄዶ ጸጥ አለ። የሚፈርስ ነገር ድምፅ አልነበረም። መሬቱ ላይ ተቀመጥኩና አምላኬን አመሰገንኩ።

ካፒቴኑ በመሰላሉ ወርዶ ሲያየኝ ሳቀ።

"ምን ስትሠሩ ነበር? ከላይ ሳያችሁ አገሩ ሁሉ ተንበርክኳል፤ እየጸለያችሁ መስሎኝ ነበር።"

"ቦሎቄ እየለቀምን ነበር" አልኩት።

"ከየት?"

"አንተ ከምታርፍበት።"

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። "መድኃኒቱን ሙሉልኝ" አለ።

አራት ዙር ረጨ። አራተኛው ላይ ፀሐዩ ሞቆ መንጋው መነሳት ጀምሮ ነበር፤ የተረፈው ተነስቶ ከወዲያ ማዶ ያለውን ማሽላ በልቷል፤ አልበላም ብዬ አልዋሻችሁም። ጤፉ ግን ቆመ። በአሥር ቀኑ ታጨደ።

አንባቢዎቼ፣ "ያ ቀን ሕይወቴን ለወጠው" የሚሉ ሰዎችን ድሮ አላምንም ነበር። አሁን ግን እኔም ከእነሱ አንዷ ነኝና ምን ማለቴ እንደሆነ ልንገራችሁ። ዱከም አልሄድኩም። ያልሄድኩት ጀግና ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፤ በማግሥቱ አቶ ግርማ ሊያመሰግኑኝ ሲመጡ አፈርኩ። አንድ ሰው ሊሞት የነበረው በእኔ ስብሰባ ነው፤ ያዳነችው ደግሞ እኔ ያልጠራኋት ሴት ናት። ያን ዕዳ ሳልከፍል ጥዬ መሄድ አቃተኝ። ዛሬም እዚያው እሠራለሁ። ስብሰባ ስጠራ መጀመሪያ የምቆጥረው የመጣውን ሳይሆን የቀረውን ነው፤ የቀረው ሰው ቤት ደግሞ በእግሬ እሄዳለሁ። ባልደረቦቼ በዚህ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እናንተም አንድ ነገር አዘጋጅታችሁ አበቃሁ ባላችሁ ጊዜ፣ ያላማከራችሁት ማን እንደሆነ ዞር ብላችሁ እዩ።

የቦሎቄውን ነገር ግን ገና አልጨረስኩላችሁም።

የዚያኑ ቀን አውሮፕላኑ ከሄደ በኋላ ስድስቱ ሴቶች ሜዳው ዳር ያለውን አንድ ትልቅ ነጭ ክምር ከበው ተቀመጡ። ሰሌን ላይ አዙረው ሲያደርቁት ነው የዋሉት። ፍሬው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ የማን እንደሆነ የሚለይ የለም። ጠብ ይነሳል ብዬ ፈርቼ ሽማግሌ ልጥራ ስል አባባ ቱፋ "ዝም በይ" አሉኝ። ቁና ተቀመጠ። እያንዳንዷ ያመጣችውን ራሷ እንድትናገርና እንድትወስድ ተባለ።

መጀመሪያ አዴ ሹሬ ነበረች። ከሁሉም ትልቁ ስጥ የእሷ እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ። ትንሽ አሰበችና አነስ ያለ ቁጥር ተናገረች፤ ሰፍራ ወሰደች። ዘምዘምም ተናገረች፤ ወሰደች። ሦስተኛዋ፣ አራተኛዋ፣ አምስተኛዋ። ስድስተኛዋ ሰፍራ ስትጨርስ ጆንያዋን አሰረችና ቀና አለች።

መሬት ላይ ቦሎቄ ተርፎ ነበር። ጥቂት አይደለም፤ አንድ ጆንያ ሊሞላ ምንም አይቀረው።

ስድስቱም የሌላዋን እንዳይወስዱ ፈርተው ከራሳቸው ቀንሰው ነው የተናገሩት፤ ክምሩ ሁሉንም አጋለጣቸው። እርስ በርስ መተያየት አቅቷቸው አንገታቸውን ደፉ። "ይሄ የማን ነው?" አልኩ። "የእኔ አይደለም" አለች አንዷ። "የእኔም አይደለም" አለች ዘምዘም። ያን ጊዜ መያዝ አቃተኝና እዚያው ሜዳ ላይ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

አዴ ሹሬ ክንዴን ይዛ ሳበችኝ።

"ቁጭ ብለሽ ታለቅሻለሽ?" አለችኝ። "ተነሽ፣ ድስት ፈልጊ። ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፉ ያልዞረ ሰው ነው እዚህ ያለው፤ እንቀቅለውና ሁላችንም እንበላለን።"